«ግራኔ» ወይስ «ናቦ»? ጎረቤት በስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ስዊድን ውስጥ 5 ዓመት ኖሬያለሁ። እዚያ ጎረቤት ‹ግራኔ› ነው የሚባለው። ከባለቤቴ ጋር ኖርዌይ፣ ቮስ ቤት ገዝተን ስንገባ ደግሞ ሰው ሁሉ ‹ናቦ› ይላል። የሥራ ባልደረባዬ ‹ግራኔ የስዊድኖች ቃል ነው፤ ናቦን እኛ ከእንግሊዝኛ ነው የወሰድነው› አለኝ። ግን የኮሙኑ (የማዘጋጃ ቤቱ) ወረቀት ላይ ‹ግራኔ› የሚል ቃል አየሁና ግራ ገባኝ። በዚያ ላይ ‹ናቦቫርሴል› የሚል ደብዳቤ ደረሰን። ቫርሴል ማስጠንቀቂያ ነው አሉኝ። ጎረቤቴ ከሶኝ ይሆን? አንድ ቀን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ‹ባልንጀራህን ውደድ› የሚለውን ‹ናቦህን ውደድ› ብዬ ብተረጉመው ሰዎች ፈገግ አሉ። የትኛውን ቃል ልያዝ? ‹ሳምቦ› የሚሉትስ ጎረቤት ነው?»

ቀነ ገደብ አለውና ከደብዳቤው ልጀምር። አልተከሰሱም። ናቦቫርሴል የግንባታ ማሳወቂያ ነው። ኖርዌይ ውስጥ ፈቃድ የሚያስፈልገው ግንባታ ያሰበ ሰው፣ ማመልከቻውን ለኮሙኑ ከማስገባቱ በፊት ለጎረቤቶቹ መንገር አለበት። ጋራዥ ሊሠራ ይሆናል፤ ቤቱ ላይ ፎቅ ሊጨምር ይሆናል። «ቫርሴል» ማስጠንቀቂያ ተብሎ መተርጎሙ ስሕተት አይደለም። ግን ኖርዌይ ውስጥ የአየር ትንበያም ቫርሴል ነው። እዚህ ላይ ትርጉሙ «አስቀድሞ ማሳወቅ» ብቻ ነው።

አስተያየት ለመስጠት ቢያንስ 2 ሳምንት አለዎት። ቅሬታ ከሌለዎት መልስ መስጠት ግዴታ አይደለም። ካለዎት ደግሞ በጽሑፍ ያድርጉት። የሚልኩትም ለኮሙኑ ሳይሆን ደብዳቤው ላይ ስሙ ለሰፈረው አመልካች ነው። እሱ ከማመልከቻው ጋር አያይዞ ለኮሙኑ ያስገባዋል። እኔ የቋንቋ ሰው ነኝ፤ ነገሩ ወደ ክርክር ከሄደ የሕግ ባለሙያ ያማክሩ።

ደብዳቤውን እንደገና ቢያዩት «ናቦኤር» ከሚለው ጎን «ዬንቦኤሬ» የሚል ቃል ሳያገኙ አይቀሩም። እሱም ጎረቤት ነው፤ ግን ሌላ ዓይነት። በኖርዌይ የግንባታ ሕግ ናቦ ማለት ከእርስዎ ይዞታ ጋር ድንበር የሚጋራ ነው። ዬንቦኤር ደግሞ በመካከላችሁ መንገድ ወይም ወንዝ ወይም እንደዚያ ያለ ነገር ያለበት፣ ማዶ ያለው ሰው ነው። ሁለቱም ማሳወቂያ ይደርሳቸዋል።

ዴንማርኮች በዚህ ነገር ይብሳሉ። በእነሱ ዘንድ ናቦ በጎን ያለው ነው። ፊት ለፊት ያለው «ጌንቦ» ነው። ከላይ ያለው «ኦቨርቦ»፣ ከታች ያለው «ኡንደርቦ» ይባላል። ኮፐንሃገን ውስጥ ፎቅ ቤት የኖረ ሰው ይሄ ለምን እንደሚጠቅም ያውቀዋል። አድራሻ ላይ ሳይቀር ከፎቁ ቁጥር ቀጥሎ ደረጃውን ሲወጡ በግራ ነው፣ በቀኝ ነው ወይስ በመሃል ተብሎ ይጻፋል። ሌሊት ሙዚቃ የሚያስጮኸው ኦቨርቦዎ ሆኖ ሳለ ናቦዬ ነው ብለው ቢያመለክቱ፣ ምንም ያላጠፋ ሰው በር ይንኳኳል። ስዊድንኛ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ያልፈዋል። ካስፈለገ እንደ እኛው «የፊት ለፊት ግራኔ»፣ «የላይኛው ግራኔ» እያለ ያብራራል።

አሁን ወደ ባልደረባዎ እንምጣ። ሁለቱም አባባሎቹ ልክ አይደሉም።

ናቦ ከእንግሊዝኛ አልተወሰደም። እንግሊዝኛው «ኔበር»፣ ጀርመንኛው «ናኽባር» እና ናቦ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሦስቱም የተሠሩት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፤ «ቅርብ» ከሚል ቃልና «ነዋሪ» ከሚል ቃል። የስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች በወጡበት በጥንታዊው ኖርስ ቋንቋ «ናቡኢ» ይባል ነበር። «ና» ቅርብ፣ «ቡኢ» ነዋሪ። ስዊድን ሳሉ «የት ነው የሚኖሩት?» ሲባሉ የሰሙት «ቦ» የሚለው ግሥ ከዚሁ ሥር ነው። ገበሬ ማለት የሆነው «ቦንዴ»ም እንዲሁ፤ መሬቱ ላይ የሚኖር ነውና።

ግራኔም የስዊድን ብቻ አይደለም። እሱም በጥንታዊ ኖርስ ውስጥ «ግራኒ» ተብሎ ነበረ። ከሥሩ ቢነቀል «አብሮ» የሚል ቅድመ ቅጥያና «ቤት» የሚል ቃል ይወጣዋል። ቤት የሚጋራ ማለት ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን በተተረጎመው የጎቶች (የጥንት ጀርመናዊ ሕዝብ) መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ «ራዝን» ቤት፣ «ጋራዝና» ጎረቤት ሆነው እናገኛቸዋለን። ያ የጥንት የቤት ቃል ዛሬ በስዊድንኛ ለብቻው አይነገርም። ግን «ራንሳካ» በሚለው ቃል ውስጥ ተደብቋል። ራንሳካ ማለት መጀመሪያ ቤት መፈተሽ ነበር። አሁን መርምሮ ማጣራት፣ ጉዳይን መመርመር ማለት ሆኗል። እንግሊዝኛው ወስዶት ቤት በርብሮ መዝረፍ አድርጎታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። የእኛው ጎረቤትም ውስጥ ቤት አለበት። ግዕዙ ጎረቤትን «ጎር» ይለዋል። አማርኛው ላዩ ላይ ቤት ጨመረበት። ዓረብ አገር የኖራችሁ «ጃር» የምትሉት ቃል የዚሁ የጎር ዘመድ ነው። እና ጎረቤትንና ግራኔን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ ሰው ድምፃቸው ትንሽ ስለሚቀራረብ ዝምድና ሊጠረጥር ይችላል። ዝምድና የላቸውም። ሁለት የማይተዋወቁ ሕዝቦች አንድ ሐሳብ ስለመጣላቸው ብቻ ነው።

ታዲያ ሁለቱም ቃላት በሁሉም ዘንድ ከነበሩ ለምን ተለያዩ? እያንዳንዱ አገር አንዱን አንስቶ ሌላውን ጥግ ስላስያዘው ነው። ስዊድን ግራኔን መረጠች፤ ናቦ እዚያ ያረጀ ቃል ሆነ። ዴንማርክ ናቦን መረጠች። ድሮ ግን እዚያም የመንደር ጎረቤት «ግራንዴ» ይባል ነበር። ገበሬዎች ስለ ጋራ ግጦሽና ስለ አጥር የሚመክሩበት የመንደር ስብሰባም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ዛሬ ይህን ቃል የሚያውቀው ታሪክ የሚያነብ ሰው ነው።

ኖርዌይ ሁለቱንም ይዛለች፤ የእርስዎም ግራ መጋባት የመጣው ከዚህ ነው። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. እስከ 1814 ድረስ ከ400 ዓመት በላይ ከዴንማርክ ጋር በአንድ ዘውድ ሥር ነበረች። የጽሕፈት ቋንቋዋ ዴንማርክኛ ሆኖ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚጽፍበት ቡክሞል የሚባለው ኖርዌይኛ የበቀለው ከዚያ ነው። ስለዚህ ቡክሞል ናቦ ይላል። በ19ኛው መቶ ዘመን ግን ኢቫር ኦሰን የሚባል የገጠር ልጅ «የራሳችን ቋንቋ በየመንደሩ አለ» ብሎ ተነሣ። አገሩን ዞሮ የመንደር ንግግሮችን ሰበሰበ። ሰዋስዉን እ.ኤ.አ. በ1848፣ መዝገበ ቃላቱን በ1850 አሳተመ። ዛሬ ኒኖርስክ የምንለው ሁለተኛው የኖርዌይ የጽሕፈት ቋንቋ የቆመው በእሱ ሥራ ላይ ነው። በኒኖርስክ ግራኔ ሕጋዊና ክቡር ቃል ነው። ቮስ ደግሞ ኮሙኑ የሚጽፈው በኒኖርስክ ነው። ያዩት ወረቀት ስዊድንኛ አልነበረም። ባልደረባዎ የትልቅ ከተማ ሰው ካልሆነ ቢገርመኝ ነው።

እንዲያውም ኖርዌይ ውስጥ ጎረቤቶችን የሚመለከተው ዋናው ሕግ የወጣው በኒኖርስክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ሲወጣ «ግራኔሎቫ»፣ ማለትም የጎረቤት ሕግ ተባለ። ፍሬ ነገሩ ማንም ሰው ያለ ምክንያት ወይም ከመጠን ባለፈ መንገድ የጎረቤቱን ይዞታ የሚጎዳ ነገር ማድረግ የለበትም የሚል ነው። ስለ ዛፍም ይናገራል። ከቁመቱ ሲሶ ባነሰ ርቀት ከጎረቤት ቤት ወይም ጓሮ አጠገብ የቆመ ዛፍ፣ ጉዳት ወይም ልዩ ችግር እያመጣ ከሆነ ጥያቄ ሊነሣበት ይችላል። የቤት ባለቤት ስለሆኑ ይህን ስም ቢያውቁት ይጠቅምዎታል። ገጠር አካባቢ «ግሬንድ» የሚባል ቃልም ይሰማሉ። ትንሽ መንደር፣ ሰፈር ማለት ነው፤ የግራኔ የቅርብ ዘመድ ነው። ሠርግና ልደት ሲኖር የሚከራዩት የመንደር አዳራሽ «ግሬንደሁስ» የሚባለው ለዚህ ነው።

አይስላንድ መምረጥ አልፈለገችም መሰለኝ ሁለቱን ሰፍታ አንድ አደረገቻቸው። «ናውግራኒ» ይላሉ፤ ቃል በቃል «የቅርብ ጎረቤት» እንደ ማለት ነው። ፋሮ ደሴቶች «ግራኒ» ይላሉ። በጥንቱ የአይስላንድ ሕግ ጎረቤት ሻይ አብሮ የሚጠጣ ሰው ብቻ አልነበረም። ክስ ሲነሣ 5 ወይም 9 ጎረቤቶች ተጠርተው ስለ ነገሩ የሚያውቁትን በጋራ ይወስኑ ነበር። ሰው ስለሚፈጽመው ነገር የሚያውቀው አጠገቡ ያለው ነው ከሚል ነው። እነዚህ ጎረቤቶች «ቡኢ» ነበር የሚባሉት፤ ናቦ ውስጥ ያለው ያው «ነዋሪ»። «አጥር ጎረቤትን ያስታርቃል» የሚል ተረትም አላቸው። አጥር ለእኛ የሚለያይ ነገር ስለሆነ መጀመሪያ ሲሰሙት ግር ይላል። ከብት እየገባ ሰብል የሚበላበት አገር ላይ ግን ነገሩ ግልጽ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ ነገር ከሁሉም ይበልጥ ሊጠነቀቁት የሚገባ ነው። ሰዎቹ ፈገግ ያሉት ሰዋስው ስለተሳሳቱ አይደለም። እንግሊዝኛ ለአጥር ጎረቤትም ለባልንጀራም አንድ ቃል ይጠቀማል። የስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች ግን ይለያሉ፤ ልክ እንደ አማርኛ። መጽሐፍ ቅዱሳችን «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» ነው የሚለው እንጂ ጎረቤትህን አይልም። በስዊድንኛ ይህ ባልንጀራ «ኔስታ» ነው፤ በኖርዌይኛና በዴንማርክኛ «ኔስቴ»። «የባልንጀራህን ቤት አትመኝ» ሲሉም ያው ቃል ነው። በአንጻሩ ምሳሌ 27፥10 ላይ «የቀረበ ጎረቤት ከራቀ ወንድም ይሻላል» በሚለው ቦታ ስዊድንኛው ግራኔ፣ ዴንማርክኛው ናቦ ይላል። አማርኛው ጎረቤት ባለበት እነሱም ጎረቤት ይላሉ ማለት ነው። እርስዎ ከአማርኛ በቀጥታ ቢተረጉሙ አይሳሳቱም ነበር። ያሳሳተዎት መሃል ላይ የገባው እንግሊዝኛ ነው።

ኔስታ ሌላም ሥራ አለው። «ቀጣይ» ማለት ነው። ስቶክሆልም ባቡር ውስጥ «ኔስታ» እያለ የሚቀጥለውን ጣቢያ የሚናገረው ድምፅ ያንኑ ቃል ነው የሚጠቀመው። አጠገብህ ያለው፣ ከአንተ ቀጥሎ ያለው ሰው፤ ትርጉሙ ከዚያ ነው የመጣው። አይስላንድኞች ለዚህ «ናውንጊ» የሚል ቃል አላቸው። በስብከት ላይ ባልንጀራ ነው፤ መንገድ ላይ ግን «ሰውዬው» ወይም «ልጁ» እንደምንለው ነው።

ሳምቦ ጎረቤት አይደለም። ይህን በደንብ ይያዙት፤ ስሕተቱ በገንዘብና በወረቀት ያስከፍላልና። «ሳም» አብሮ፣ «ቦ» መኖር ነው፤ ግን ትርጉሙ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩ ጥንዶች ነው። ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ራሱን የቻለ የሳምቦ ሕግ አለ። ጥንዶቹ ቢለያዩ፣ ለጋራ ኑሮ ብለው ያገኙት ቤትና የቤት ዕቃ ከመካከላቸው አንዱ ብቻ የከፈለበት ቢሆን እንኳ ሊካፈል ይችላል። ወጪ ለመቀነስ ከአገሩ ልጅ ጋር ክፍል የተጋራ ሰው ቅጽ ላይ «ሳምቦ» ብሎ ቢሞላ፣ ጓደኛውን የትዳር አጋሩ አደረገው ማለት ነው። የቤት ኪራይ ድጎማ ሲሰላ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ሲታይ ጥያቄ ያስነሣል። በሰው ቤት ክፍል የተከራየ ሰው ስዊድን ውስጥ «ኢኔቦኤንዴ» ነው። ኖርዌይ ውስጥ ጥንዱ «ሳምቦኤር»፣ የክፍል ተጋሪው ደግሞ «ሮምካሜራት» ይባላል። ስዊድኖች በዚህ «ቦ» መጫወት ይወዳሉ። ተዋደው በየቤታቸው የሚኖሩት «ሴርቦ» ናቸው። ከእናቱ ቤት አልወጣ ያለ ጎልማሳ በቀልድ «ማምቦ» ይባላል።

ስለ አነጋገርም ጥቂት ልበል። ናቦ በጽሑፍ አንድ ነው፤ በጆሮ ግን ሁለት ነው። ኖርዌዮች «ናቡ» ይላሉ። ዴንማርኮች ወደ «ኔቦ» ያስጠጉታል። ወረቀት ላይ ስላወቁት ኮፐንሃገን ሲሄዱ ወዲያው ይሰሙታል ብለው አይጠብቁ።

ግራኔ ላይ ደግሞ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ከብዙ ስደተኛ የተሻለ ዕድል አለን። ስዊድንኛም ኖርዌይኛም ፊደል ያጠብቃሉ ያላላሉ። «ገና» ጠብቆ በዓል፣ ላልቶ «ገና ነው» እንደሚሆነው ማለት ነው። «ግራን» «ን» ላልቶ፣ ከፊቱ ያለው አናባቢ ሲረዝም፣ የጥድ ዓይነት ዛፍ ነው። «ን» ጠብቆ አናባቢው ሲያጥር ግራኔ ጎረቤት ይሆናል። «ግራነን» ሲሉ ጎረቤቱ ይሁን ዛፉ የሚለየው በዚህና በዜማው ነው። ልዩነቱ የእኛ ፊደል መጥበቁን አይጽፍም፤ እነሱ ግን «ን»ን ሁለት ጊዜ ይጽፋሉ። ሁለት ሲያዩ ያጥብቁ። የጎረቤት ጠብ በዛፍ መነሣቱ ስለማይቀር ሁለቱን ቃላት በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚፈልጓቸው ቀን ይመጣል። ስዊድኖች በየደቂቃው የሚሏት «ሊቴ ግራን» ግን ከጎረቤትም ከዛፍም ጋር ግንኙነት የላትም፤ «ትንሽ» ማለት ናት። ያማረ፣ ያጌጠ ማለት የሆነው «ግራን»ም ሌላ ቃል ነው።

ከስዊድን ይዘውት የመጡትን አንድ ልማድ ግን ይተዉ። ስዊድኖችና ዴንማርኮች «የእኔ»ን ከፊት ያደርጋሉ፤ «ሚን ግራኔ»፣ «ሚን ናቦ»። ኖርዌዮች በተራ ንግግር «ናቦኤን ሚን» ማለት ይቀናቸዋል፤ «የእኔ» ከኋላ ይመጣል። «ጎረቤቴ» ለሚል ሰው ይሄ አይከብድም። ሲበዛም እንዲሁ ይጠንቀቁ። ስዊድን ግራናር፣ ቡክሞል ናቦኤር፣ ኒኖርስክ ግራናር ወይም ናቦአር ነው። የአንዱን ቃል በሌላው መጨረሻ አያጣምሩ።

ሦስቱ አገሮች ይግባባሉ መባሉ እውነት ነው። ለኦስሎ ሰው ግራኔ ቢሉት ይገባዋል፤ ለስቶክሆልም ሰው ናቦ ቢሉት ይገባዋል። ግን መግባባትና የአገሩን ሰው ቃል መናገር ይለያያሉ። እንዲያውም የጎረቤት አገር ቋንቋ የሚለውን ስያሜ ራሱን ስዊድኖች በግራኔ፣ ኖርዌዮችና ዴንማርኮች በናቦ ነው የሚሠሩት።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ቮስ እስካሉ ድረስ ሲናገሩም ሲጽፉም ናቦ ይበሉ። ለምን ናቦ? በኒኖርስክም ስለሚሠራ፣ በመላው ኖርዌይም ስለማያሳፍር። ግራኔን በወረቀት ላይ ሲያዩ ብቻ ይወቁት፤ የሰፈርዎ አዛውንቶች ሲሉት ከሰሙ ደግሞ ያለ ሥጋት አብረዋቸው ይበሉ። ቤተ ክርስቲያን ኔስቴ እንጂ ናቦ አይበሉ። ሳምቦንና ሳምቦኤርን ጥንዶች ካልሆኑ በስተቀር በየትኛውም ቅጽ ላይ አይጻፉ። ዘመድ ጥየቃ ስዊድን ሲሄዱ ወደ ግራኔ ይመለሱ። ናቦቫርሴሉን ደግሞ ዛሬውኑ አውጥተው ቀኑን ይዩት፤ 2ቱ ሳምንት ካላለፈ እቅዱን ከባለቤትዎ ጋር ቁጭ ብለው ይመልከቱ። ያልገባችሁ ነገር ካለም ወደ ናቦአችሁ ሄዳችሁ በቃል ጠይቁት፤ ቅሬታ ከተነሣ ግን በጽሑፍ ይሁን።